ቆማ ከምትበሰብስ ትነዳ፦ ስለ አልፋ ሮሜዮዋ ለተጻፈው ወቀሳ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ ጎላ ሚካኤል አካባቢ ባለ ጋራዥ ውስጥ ለውድድር ሜዳ እየተሠራች ስላለች አንዲት አሮጌ አልፋ ሮሜዮ ረዘም ያለ ወቀሳ ጽፈዋል። መኪናዋ የኔ ናት። ጽሑፉ ብዙ ሰው እጅ ስለገባና ጥያቄው ስለበዛብኝ በየነጥቡ መመለስ ግድ ሆኗል። ጸሐፊውን አከብራለሁ፤ መኪና የሚወዱ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ካሉትም ውስጥ ትክክል የሆነ አለ። በዋናው ጉዳይ ግን አልስማማም፤ እሳቸው ያሉት ተቀባይነት ካገኘ በየግቢው የቀሩት ጥቂት አሮጌ መኪኖች የሚጠብቃቸው ዕጣ የብረት ሚዛን ነው ብዬ አምናለሁ።

ያሉት በአጭሩ ይህ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፋት መኪና ቅርስ ስለሆነች ከፋብሪካ እንደወጣች መቀመጥ አለባት፤ ለውድድር ሜዳ ብሎ መለወጥ ማበላሸት ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ሞተሩ ሩብ ጉልበቱን ያጣል፤ ስለዚህ ድካሙ ከንቱ ነው። ፍጥነት ካማራቸው የዘመኑን የቶዮታ ሞተር ይግጠሙ። ፍሬኗ የድሮ ታምቡር ነው፤ መኪና ሲገለበጥ ነጂውን እንዲጠብቅ ውስጧ የተተከለው የብረት አጥር ደግሞ ለታይታ ነው። ገንዘቡ ለቅንጦት የፈሰሰ ነው። በመጨረሻም፣ በከተማው የውድድር ሜዳ ስለሌለ ይህች መኪና ማታ ማታ ቀለበት መንገድ ላይ መገኘቷ አይቀርም።

ከቅርሱ ልጀምር። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1971 ሥሪት የሆነች አልፋ ሮሜዮ ጂቲ 1300 ጁኒየር ናት። ቅርጿ የወጣው በርቶኔ ከተባለው የጣሊያን የመኪና አካል ሠሪ ቤት ሲሆን፣ ንድፉን የሠራው ያኔ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነው። ይህ ባለ ሁለት በር ኩፔ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ ታየ። ጸሐፊው የዘለሉት ቀጥሎ የሆነውን ነው። በ1965 ፋብሪካው ራሱ ይህንኑ ኩፔ ወስዶ ለውድድር ለወጠው። የውጭ ላሜራውን በአልሙኒየም ተካ፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ካንዴላ ገጠመ፤ ከክብደቱ ወደ 200 ኪሎ ቀንሶ 745 ኪሎ ገደማ አደረሰውና ጂቲኤ ብሎ አወጣው። ሥራውን የያዘው በካርሎ ኪቲ የሚመራው አውቶዴልታ ነበር። አንድሬያ ደ አዳሚች በ1966 እና በ1967 በምድቡ የአውሮፓ ቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮን የሆነው በዚህችው መኪና ነው። የዚህ ኩፔ ዝና የተሠራው በውድድር ሜዳ ላይ ነው። ጸሐፊው የፋብሪካውን ሐሳብ እናክብር ይላሉ፤ እኔም እላለሁ፤ የፋብሪካው ሐሳብ ግን ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው የምሰጣቸው ሐቅ አለ። እጄ የገባችው ከእነዚያ 500 ገደማ ብቻ ከተሠሩት ጂቲኤዎች አንዷ ብትሆን ኖሮ አንድ ቡሎን አልነካም ነበር። እንደዚያ ያለች መኪና የሰው ሁሉ ሀብት ናት። የኔዋ ጁኒየር ናት፤ የዚህ ኩፔ ልዩ ልዩ ዓይነቶች ተደምረው ከ200 ሺህ በላይ ተሠርተዋል። ከፋብሪካ እንደወጣች የተቀመጡ እህቶቿ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮችም በሰብሳቢዎች ጋራዥም ሞልተዋል፤ የእኔዋ ላይ የተሠራው ሥራ የመኪናውን ታሪክ ከዓለም አያጠፋም።

ደግሞስ ከፋብሪካ እንደወጣች የምትባለዋ የትኛዋ ናት? መኪናዋ ለረጅም ዓመታት ካዛንችስ ውስጥ በአንድ ግቢ ቆማ የኖረች ናት። በ2017 ዓ.ም ሰፈሩ ሲፈርስ ባለቤቶቹ ግቢውን መልቀቅ ነበረባቸው። ከኔ በፊት መጥቶ ዋጋ የጠየቃቸው ሰው በኪሎ ሊመዝናት የፈለገ የብረት ነጋዴ ነበር። መቀመጫዎቿ የሌላ መኪና፣ መሪዋ የሌላ መኪና፤ ቀለሟ በላይ በላዩ የተቀባ፤ ወለሏና ከበሮቿ ሥር ያለው ብረት በዝገት ተበልቶ መሬቱ ከውስጥ የሚታይ ሆኖ ነው ያገኘኋት። ጸሐፊው ወለሏ ተቆረጠ ብለው አዝነዋል፤ የተቆረጠው ይህ ነው። በምትኩ የገባው ላሜራ የድሮውን መስመርና እጥፋት ተከትሎ የተሠራ ነው። ይህ የእድሳት ሥራ ነው፤ ለሜዳ ባትዘጋጅም መሠራቱ አይቀርም ነበር።

ለሜዳ ብለን የለወጥነውን ደግሞ በአንድ ደንብ ነው የሠራነው፦ ተመልሶ የማይፈታ ነገር አይሠራም። የወለቁት ሞላዎች፣ የኋላ መቀመጫው፣ የበሮቹ ልባስ፣ የድሮው ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ)፣ ሁሉም ስማቸው ተጽፎባቸው በሣጥን ተቀምጠዋል። ከኔ በኋላ የሚወስዳት ሰው ወደ ድሮዋ ልመልሳት ቢል መፍቻ ይዞ ይመልሳታል። ቆማ ብትቀር ግን መላሽ የላትም። የፍሬኑ ሲሊንደር በተቀመጠበት ይዝጋል፤ ጎማው ይሰነጠቃል፤ ታንከሯ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ወደ ሙጫ ተለውጦ መስመሩን ይደፍናል፤ የሞተሩ ውስጥ ብረቶች ዘይታቸው ወርዶ ይደርቃሉ። መሃል አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው ሸራ ለብሰው የነበሩ ፊያቶችና አልፋዎች ያለቁት ማንም ለውጧቸው አይደለም። ቆመው ነው ያለቁት።

ወደ ከፍታው ልምጣ። ይህ ነጥብ ከጽሑፉ ሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ ነው፤ ሊነጋገሩበት የሚገባ ትክክለኛ ጥያቄ ነውና። ቁጥሩ ላይ አልከራከርም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። በፋብሪካ ልኬት 89 የፈረስ ጉልበት ያለው የኔ ሞተር እዚህ 70 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከንቱ ነው የሚለው መደምደሚያ ግን አይከተልም።

የሜክሲኮ ሲቲ የፎርሙላ 1 ሜዳ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ነው፤ ከእኛ ከፍታ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሆንዳ የመጀመሪያውን የፎርሙላ 1 ድል ያገኘው እዚያ ነው፤ ነጂው ሪቺ ጊንተር ነበር፤ የዘመኑም ሞተሮች 1,500 ሲሲ ብቻ ነበሩ። አየር ሲሳሳ የሚያሸንፈው ሞተሩን ከዚያ አየር ጋር ያስማማ ነው። ያ ሥራ የትም ቢሆን ይሠራል፤ መሃል አዲስ አበባ ባለ ጋራዥም ይሠራል።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራቸው። ይህ ሞተር ሁለት ዌበር ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚያደባልቅ ዕቃ) አለው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ጉሮሮ አለው ማለት ነው። ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን ያው በለመደው ቀዳዳ ይለቃል። አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ሲበዛ ሞተሩ ይታነቃል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ጭሱ ይጠቁራል። ከአውሮፓ መጥተው እዚህ ማንም ሳያስተካክላቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱ መኪኖች ሁሉ በዚህ ሕመም ኖረዋል። መድኃኒቱ ጂግለሩን፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ፣ መቀነስ ነው። በአዲስ አበባ አየር ድብልቁ ከ10 በመቶ በላይ ስለሚወፍር፣ የጂግለሩ ቀዳዳ ስፋት በዚያው ልክ መጥበብ አለበት። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 1.25 ሚሊ ሜትር የነበረ ቀዳዳ ወደ 1.18 ገደማ ይወርዳል። ትንሽ ይመስላል፤ ሞተሩ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ሞተር ነው። ሥራውን የሚመሩት ጋሼ ይህን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ካንዴላውን ፈትተው ቀለሙን ያያሉ፤ ጥቁር ከሆነ ጂግለሩ ገና ትልቅ ነው፤ የነጣ ከሆነ ከልክ በላይ አንሷል፤ የተቆላ ቡና መስሎ ሲወጣ መፍቻቸውን ያስቀምጣሉ።

ከዚህ በላይ ደግሞ ከፍታው የሚሰጠን ነገር አለ። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር ስላነሰ ድብልቁ ያለ ጊዜው የመፈንዳት አደጋው ይቀንሳል። ስለዚህ በፋብሪካ 9 ለ1 የነበረውን የመታመቅ ልክ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) በመላግ ወደ 10.5 ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ የእሳቱንም ሰዓት ጥቂት ማስቀደም ይቻላል። የጠፋው ጉልበት ሁሉ ባይመለስም ከፊሉ ይመለሳል። መኪናዋን ከፊት የሚቋቋማት አየርም በዚያው ልክ ሳስቷል። ጸሐፊው የቆጠሩት የተወሰደብንን ብቻ ነው።

ከፍታው በእርግጥ የሚጎዳን በሌላ በኩል ነው፤ ጽሑፉ ያላነሳው እሱን ነው። አንደኛው ሙቀት ነው። ውሃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሳሳ ያለው አየርም ከራዲያተሩ ሙቀት የሚወስደው በዝግታ ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙ በባሕር ዳር ከተማ ላለ ሰው ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ የሞተሩ ሕይወት ነው። ሁለተኛው ፍሬን ነው። የፍሬኑ አጋዥ ሰርቮ የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና በሞተሩ ስበት ልዩነት ነው፤ የውጭው ግፊት ሲያንስ እገዛውም ያንሳል፤ ፔዳሉ ይከብዳል። ዲስኮቹም በሳሳ አየር ቶሎ አይበርዱም። በዚህ ምክንያት ከጉልበቱ በፊት ገንዘባችንን ያዋልነው ፍሬኑ ላይ ነው፦ ሙቀት የሚችል የፍሬን ሸራ፣ አዲስ ፈሳሽ፣ ከፊት በኩል አየር ወደ ዲስኮቹ የሚያደርሱ ሁለት ቱቦዎች። ፍሬኗ ታምቡር ነው ላሉት ደግሞ፣ አይደለም። ይህ ኩፔ ከመጀመሪያው ጀምሮ አራቱም እግሮቹ ዲስክ ናቸው፤ ጎማውን አውልቆ ማየት ይበቃል።

በሜዳ መንዳት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቀጥታ መንገድ ላይ መሮጥን ነው። ጸሐፊውም የፈረስ ጉልበትን ብቻ ነው የመዘኑት። ሜዳ ላይ ሰዓት የሚገኘው ግን ኩርባው ላይ ነው፤ የት ፍሬን እንደሚያዝ፣ የት እንደሚለቀቅ፣ መሪው ምን ያህል እንደሚዞር። ጉልበቷ ያነሰ መኪና ይህን ከማንም በላይ ታስተምራለች፤ ኩርባው ውስጥ ያባከኑትን ፍጥነት ሞተሯ አይመልስላችሁም። አንድ ሺህ ኪሎ እንኳ የማትሞላ፣ አምስት ማርሽ ያላት፣ ከፊትም ከኋላም በሞላ የተቀመጠች ይህች መኪና ለዚህ ትምህርት የተፈጠረች ነች።

ሜዳ ሌላም ነገር ይጠይቃል፤ ከመንገድ ነጂ ዓይን የተሰወረ። ረጅም ኩርባ ላይ የዘይቱ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለው ዘይት ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ፓምፑ በዚያች ቅጽበት አየር ከሳበ ሞተሩ ግሪፕ ያደርጋል፤ ብረት ከብረት ተጣብቆ ይቆማል። ለዚህ ኮፓው ውስጥ ዘይቱን በቦታው የሚይዙ ክፍልፋዮች መሠራት አለባቸው፤ ትንንሽ በር ያላቸው፣ ዘይቱ ወደ ፓምፑ እንዲገባ እንጂ እንዲወጣ የማይፈቅዱ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ አንድ ላሜራ ሠሪ በካርቶን ቅርጹን አውጥቶ፣ ቆርጦ፣ በብየዳ አስቀመጣቸው። ኮፓው ሲዘጋ ከውጭ ምንም አይታይም። መኪናዋን ያበላሸናት የሚሉ ሰዎች ይህን ሥራ ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር።

የቶዮታ ሞተር ይግጠሙ ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ጸሐፊው ቅርስ እናክብር ካሉ ከጥቂት አንቀጽ በኋላ ልቧን አውጥተን እንድንጥል መምከራቸው ከራሳቸው ሐሳብ ጋር ይጣላል። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1954 በጁሊየታ ስፕሪንት ላይ የወጣው ባለ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) ሞተር ዝርያ ነው፤ ብሎኩም ቴስታታውም አልሙኒየም ነው፤ ዘሩ ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተመርቷል። መለዋወጫው ዛሬም በአውሮፓ ይሠራል። ሌላ ሞተር ሲገባ የፊት ክብደቷ ይለወጣል፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) አይገጥምም፤ መያዣዎቹ ይቆረጣሉ፤ ያ ነው የማይመለስ ለውጥ። ደግሞ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ቦሎ ለመውሰድ ምርመራ ስትቀርብ ቁጥሩ ካልገጠመ ጣጣው ብዙ ነው። የኛዋ የተጻፈላት ሞተር ውስጧ አለ።

ደረቅ ሞላ ለመንገዳችን አይሆንም የሚለውን ግን እቀበለዋለሁ፤ እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ነው። በጣም የጠነከረ ሞላ ኮብልስቶን ላይ ጎማውን ከመሬት ያስለቅቃል። የገባው መካከለኛ ነው፤ ወደ ሜዳ ስትሄድም በጭነት መኪና ነው።

የብረት አጥሩን ጉዳይ በጥሞና ልመልስ፤ የሰው ነፍስ አለበትና። ጸሐፊው እንዲህ ያለ አጥር እዚህ አገር ከውሃ ቧንቧ ተበይዶ እንደሚሠራና አደጋ ሲመጣ እንደማይቆም ጽፈዋል። የውሃ ቧንቧን በተመለከተ ያሉት ሙሉ በሙሉ እውነት ነው። የውሃ ቧንቧ በቁመቱ የተበየደ መገጣጠሚያ አለው፤ ዚንክ የተቀባ ስለሆነም ብየዳው ጥሩ አይዝም፤ ጭሱም የበያጁን ሳንባ ይጎዳል። መኪና ሲገለበጥ በመገጣጠሚያው ይሰነጠቃል። ማንም ሰው ልጁን እንዲህ ባለ አጥር ውስጥ እንዳያስቀምጥ እለምናለሁ።

የኔዋ ግን ከዚያ አይደለም። የዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ መገጣጠሚያ የሌለው፣ በቀዝቃዛ የተሳበ የብረት ቱቦ ይጠይቃል፤ ለዋናው ቅስት 45 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ለቀሩት 38 በ2.5። የገዛነው ይህንኑ ነው። ወለሉ ላይ በብረት ሰሌዳ ላይ በቡሎን ተይዟል እንጂ ከአካሏ ጋር አልተበየደም፤ ይፈታል። ለጭንቅላት የሚቀርበው ቱቦ ሁሉ መከላከያ ስፖንጅ ለብሷል። ቀበቶው ወገብንም ትከሻንም የሚይዝ ነው። እሳት ማጥፊያው ነጂው ታስሮ እንዳለ እጁ የሚደርስበት ቦታ ነው። ጸሐፊው እነዚህን ለታይታ ብለዋቸዋል፤ ከተደረገው ሥራ ሁሉ ለማንም ማብራሪያ ሳልሰጥ የምሟገትላቸው እነዚህን ነው።

ስለ ገንዘቡ። አዎ፣ ገንዘብ ወጥቷል፤ ይህ ለሁሉም ሰው የሚሆን ነገር ነው አልልም። ግን የት እንደሄደ ቢታይ መልካም ነው። ከውጭ የመጣው ጋርኒሲዮን፣ ቀለበት፣ ቱቦውና ጎማው ነው፤ ተጓዥ ባገኘን ቁጥር በሰው እጅ የተላከ። የቀረው በሙሉ የተከፈለው ለዚህችው ከተማ እጆች ነው፤ ለቶርኖ ሠራተኛው፣ ለበያጁ፣ ለላሜራ ሠሪው፣ ለቀለም ቀቢው፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው። ሶማሌ ተራ የማይገኘውን ዕቃ ቶርኖ ላይ እያስወጣን ነው የሠራነው።

ይህንን ነጥብ ሰፋ አድርጌ የምናገረው ስለሚያሳስበኝ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ክርክር የለኝም፤ የከተማው አየር ቢጸዳ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ፤ በዓመት ጥቂት ቀን የምትነዳ አንዲት መኪናም ያንን አታደናቅፍም። ግን ካርቡራተርን በጆሮ የሚያስተካክሉ፣ የሁለት ካምሻፍት ሰንሰለት ገጥመው ቫልቮቹን በቀጫጭን ሰሌዳ የሚለኩ ሰዎች እያረጁ ነው። ፒያሳና አካባቢው ሲፈርስ፣ መንገዶቹ ሲሰፉ ብዙ ትንንሽ ጋራዦች ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል፤ አንዳንዶቹም ጨርሰው ተዘግተዋል። ጋሼ ሙያውን የተማሩት በልጅነታቸው ጣሊያኖች ካቋቋሙት ጋራዥ የወጣ መካኒክ ሥር ሆነው ነው። ዛሬ ከጎናቸው ሁለት ወጣቶች አሉ፤ አንደኛው የኮምፒውተር መመርመሪያ ይዞ ያደገ ነው፤ ካርቡራተር ፈትቶ ያየው በዚህች መኪና ነው። አሁን ሁለቱን ዌበሮች አመጣጥኖ የአየሩን ድምፅ በላስቲክ ቱቦ እያዳመጠ ያስተካክላል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ብቻ አይያዝም፤ ዋናው መማሪያው ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ የሚኖረው መኪናዋ ስትነዳ ነው። ለዕይታ የቆመች መኪና በዓመት አንድ ቀን ትወለወላለች እንጂ መካኒክ አታፈራም።

በማርሽ ጉዳይ ሁለተኛው ይጮሃል ብለው የታዘቡትም ትክክል ነው። የዚህ ካምቢዮ የታወቀ ድካም ነው፤ ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ሁለተኛን በዝግታ ማስገባት ነው።

አሁን ወደ መጨረሻውና ወደ ከባዱ ነጥብ። የውድድር ሜዳ ስለሌለ መንገድ ላይ ትነዳለች ብለዋል። የፍርሃታቸው ምክንያት ይገባኛል። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ መኪና ከነጭራሹ የሌላቸው ሰዎች። ሌሊት ሌሊት በሰፋፊዎቹ መንገዶች ላይ የሚደረገውን መፎካከር እኔም እሰማዋለሁ፤ እጠላዋለሁ። በዚህች መኪና መንገድ ላይ ስፎካከር ያየኝ ሰው መንጃ ፈቃዴን እንዲነጥቁኝ ይመስክር።

ነገር ግን ለሜዳ በትክክል የተሠራች መኪና ለመንገድ አትመችም፤ ጸሐፊው ይህን አላዩትም። የሜዳ ጎማ ካልሞቀ አይዝም፤ ከመብራት መብራት በሚቆም ትራፊክ ደግሞ አይሞቅም። የብረት አጥር ያለ ሄልሜት ለሚነዳ ሰው ራሱ አደጋ ነው፤ በግጭት ጊዜ ጭንቅላት ቱቦውን ይመታል። ሙቀት የሚችለው የፍሬን ሸራ በቀዝቃዛው ጊዜ ደካማ ነው። የመቀመጫው ቀበቶ ሰውን ስለሚቸነክር ወደ ጎንና ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ያስቸግራል። እንዲህ ያለችን መኪና ሌሊት ቀለበት መንገድ ላይ የሚያወጣት ሥራዋን የማያውቅ ሰው ነው። ሌሊት የሚፎካከሩት መኪኖች ምንም ያልተሠራላቸው፣ ፍሬናቸው ያልታየ፣ ቀበቶ የማይታሰርባቸው የዘመኑ የቤት መኪኖች ናቸው።

ድምፅዋ ሰፈር ይረብሻል ላሉት፣ የሜዳው ማርሚታ የሚገጠመው ሜዳ ላይ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ስትነሳ የነበረችው በድሮው ማርሚታ ነው፤ ከጎረቤት አንድም ሰው ቅሬታ አላቀረበም።

ሜዳ የለም የሚለው ሐዘናቸው የኔም ሐዘን ነው። በከተማችን ቋሚ የውድድር ሜዳ የለም። ከዚህ ተነስተው ግን መኪናዋ አትሠራ አሉ፤ እኔ ደግሞ ሜዳ ይሰጥ እላለሁ። ለታላቁ ሩጫ በየዓመቱ የመሃል ከተማው መንገድ ተዘግቶ ሺዎች ይሮጡበታል፤ መዝጋትና ማስተባበር ከተማው ያውቅበታል። መስቀል አደባባይ ይዘጋልን አልልም፤ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ የመኪና ፍጥነት መግባት የለበትም፤ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የሚያስፈልገው ከመኖሪያ ሰፈር የራቀ፣ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ የለበሰ ሰፊ ሜዳ፣ በወር አንድ እሑድ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ፣ በፕላስቲክ ምልክቶች መካከል፣ ከሰዓት ጋር እየተፎካከረ። ከመነሳቱ በፊት ፍሬኑ፣ ቀበቶውና ጎማው የሚመረመር፤ ሄልሜት ያላደረገ የማይገባበት፤ ተመልካች በኩርባው ውጪኛ ጎን እንዳይቆም የሚከለከልበት፤ አምቡላንስ ሳይደርስ የመጀመሪያው መኪና የማይነሳበት። እንዲህ ባለ ሜዳ ፍጥነቱ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ሌሊት የሚፎካከሩት ወጣቶችም መጥተው መኪናቸው ምን ያህል ርቀት ላይ እንደሚቆም ለመጀመሪያ ጊዜ ይለኩበታል።

ጸሐፊው ብዕራቸው ሰሚ አለው፤ የኔ ጽሑፍ የማይደርስበት ቢሮ የሳቸው ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሜዳ ለከተማው የሚጠይቅ ደብዳቤ ቢያዘጋጁ፣ የደንቡን ረቂቅ ከጋሼ ጋር ሆነን አዘጋጅተን እናመጣለን፤ ከሥሩም እፈርማለሁ።